ኤክስኮፒ «በቂ ሜሞሪ የለም» ሲል ችግሩ ሜሞሪ አይደለም

ብዙ ንዑስ ፎልደር ያለውን የቆየ ማህደር በኤክስኮፒ (xcopy፣ የዊንዶውስ የፋይል መገልበጫ ትእዛዝ) ወደ ሌላ ዲስክ እየገለበጥኩ ነበር። መሃል ላይ ቀጥ አለ። «በቂ ሜሞሪ የለም» ይላል። ራሙ ግን ግማሹም አልተነካም፤ ዲስኩም ሰፊ ባዶ ቦታ አለው።

ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የፎልደሮቹ ስም ከፋይሉ ስም ጋር ተደምሮ ከ254 ፊደል ሲበልጥ ኤክስኮፒ ይህንኑ መልእክት ያወጣል። ስለ ርዝመት አንድም ቃል አይተነፍስም! ፎልደር በፎልደር ላይ ሲደራረብ፣ በዚያ ላይ አረፍተ ነገር የሚያክል የፋይል ስም ሲጨመር ገደቡ ቶሎ ይሞላል።

ስሞቹን ማሳጠር ይቻል ነበር፤ ግን ማን ያን ሁሉ ይቀይራል? ሮቦኮፒ (robocopy) ወደሚባለው ሌላ የመገልበጫ ትእዛዝ ዞርኩ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ነው፤ ረጅም አድራሻም አይከብደውም። መነሻና መድረሻውን ጽፌ፣ ባዶ ፎልደሮችም እንዲካተቱ የ«ኢ»ን (/E) አማራጭ ጨመርኩ። ሁሉም ተገለበጠ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሮቦኮፒ አልገለበጥ ያለውን ፋይል፣ ካልከለከላችሁት በቀር፣ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ በየመሃሉም 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ስለዚህ የሙከራውን ብዛት የሚወስነውን የ«አር»ን (/R) ቁጥር 2፣ የሚጠብቀውን ሰከንድ የሚወስነውን የ«ደብሊው»ን (/W) 5 አድርጉት። «ሚር» (/MIR) የሚባለውን አማራጭ ደግሞ ሳታስቡ አትንኩ፤ መነሻው ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ጠራርጎ ያጠፋል።