እንግዳ ሲመጣ የሚጮህና የሚዘል ውሻ፦ ችግርና መፍትሄ ለድሬ ቤቶች

ድሬዳዋ ውስጥ የቆርቆሮ በር አንኳኩቶ «ውሻ ያዙ!» ሳይል ግቢ የሚገባ ሰው ጥቂት ነው። ከውስጥም የታወቀው መልስ ይመጣል፦ «ግቡ፣ አይናከስም!» ይህ መልስ እንግዳውን አያረጋጋም። ውሻውንም ምንም አያስተምረውም። ቡና የተጠራችው ጎረቤት ወይ በሩ ላይ ቆማ ትቀራለች፣ ወይ ቀሚሷ ላይ የመዳፍ ጭቃ ይዛ ትገባለች።

አንድ ነገር ላይ አስቀድመን እንስማማ። አብዛኞቻችን ውሻ የምናሳድገው ግቢ እንዲጠብቅ ነው። ስለዚህ ድምፁን ጨርሶ ማጥፋት አንፈልግም። የምንፈልገው ሁለት ሦስቴ ጮኾ ሰው መምጣቱን እንዲነግረን፣ ከዚያ በሩን ለእኛ እንዲተው ነው። መዝለሉ ግን ለማንም አይጠቅምም።

በር ሲንኳኳ ይጮኻል፣ እንግዳው ከገባም በኋላ አያቆምም

ሰውነቱ ይገተራል። ጅራቱ ወደ ላይ ይቆማል፣ የጀርባው ፀጉር ይነሳል። አፍንጫውን በበሩ ሥር ሰክቶ ይጮኻል። ጅራቱ ቢወዛወዝም ቀጥ ብሎ ቆሞ በፍጥነት የሚወዛወዝ ከሆነ ደስታ እንዳይመስላችሁ።

መነሻው ግልጽ ነው፤ ግቢውን የራሱ አድርጎ ያየዋል። ችግሩን የሚያባብሰው ግን ጩኸቱ ውጤት ማምጣቱ ነው። ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ይመጣል። ውሻው ይጮኻል። ሰውየው አንብቦ ይሄዳል። እኛ ሥራውን ጨርሶ እንደሄደ እናውቃለን። ውሻው የሚያውቀው «ጮህኩ፣ ሄደ» የሚለውን ብቻ ነው። በበሩ ፊት የሚያልፍ መንገደኛና ባጃጅም እንዲሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያሸንፍ ይውላል።

በዚህ ላይ እኛ ከቤት ውስጥ «ዝም በል! አንተ!» እያልን እንጮኻለን። ለእሱ ይህ አብሮ መጮህ ነው። ባለቤቱም እንደተናደደ ሲሰማ ይብስበታል።

ማስተካከል የሚጀመረው ከበሩ ነው። በበሩ ሥር የእግር ኮቴ የሚታይበት ክፍተት ካለ በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ዝጉት። የማያየውን መንገደኛ ያን ያህል አያሳድድም። ይህች ብቻዋን ጩኸቱን የምትቀንስበት ቤት ብዙ ነው፤ ወጪዋም ከምንም አይቆጠርም።

ቀጥሎ የማንኳኳቱ ድምፅ ነው። በእኛ ከተማ በር በሳንቲም ወይም በድንጋይ ስለሚመታ ቆርቆሮው ግቢውን ሁሉ ያናጋዋል። ከቤተሰቡ አንዱ ውጭ ይቁምና በጣት ጫፍ፣ በጣም በቀስታ ያንኳኳ። ውሻው ጆሮውን አቅንቶ ገና ሳይጮህ ሥጋ ስጡት። ደግማችሁ አንኳኩ፣ ደግማችሁ ስጡት። ከጮኸ ድምፁ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ወደ ቀስታው ተመለሱ። ከቀናት በኋላ በሳንቲም፣ ቀጥሎ ከበድ አድርጋችሁ አንኳኩ። ውሎ አድሮ በር ሲመታ መጀመሪያ የሚያየው እናንተን ይሆናል።

ሦስተኛው «በቃ» የሚለውን ትእዛዝ ማስተማር ነው። ሁለት ሦስቴ ይጩህ፣ ሥራው ነው። ከዚያ ረጋ ብላችሁ አጠገቡ ሂዱና አንድ ጊዜ ብቻ «በቃ» በሉ፤ ሥጋውን አፍንጫው ስር አድርጉ። ማሽተት ሲጀምር ጩኸቱን ያቆማል። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ስጡት። ከቀን ወደ ቀን ዝምታውን እያስረዘማችሁ ስጡት። «በቃ፣ በቃ፣ በቃ» እያሉ መደጋገም ቃሉን ትርጉም ያሳጣዋል።

በመጨረሻ የራሱ ቦታ ስጡት። ከበሩ ራቅ ያለ፣ ጥላ ያለው፣ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ጆንያ የተነጠፈበት ጥግ ይበቃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አባቶች። በበላበት መተኛትም ይወዳል። ዕለታዊ ምግቡን እዚያው ስጡት፤ ከዚያ «ቦታህ» ሲባል መሄድ ከባድ አይሆንበትም። ይህ በተለይ ከሰዓት በኋላ በርጫ ለሚቀመጡ ቤቶች ትልቅ ነገር ነው። ሰው አንድ በአንድ ሲገባ ውሻው በየአሥር ደቂቃው ከመነሳት ይድናል።

ስለ ሥጋው ጠንከር አድርጌ የምናገረው አለኝ። በጥፍር ልክ የተቆረጠ ሳንባ ወይም ጉበት ርካሽም ነው፣ ውሻም ይሞትለታል። ግን በደንብ የተቀቀለ ይሁን። ከበግና ከከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚፈጥር ተባይ አለ። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል። የወጥ ትራፊም ለሥልጠና አይሆንም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል።

የሥልጠናውን ሰዓትም ምረጡ። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ፀሐይ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት እንኳን ውሻን፣ ሰውንም ከቤት አታስወጣም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት፣ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰለቻል።

የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማ። ድሬ ውስጥ በአንድ ግቢ እናት «ተቀመጥ» ስትል፣ አያት በኦሮምኛ «ታኢ» ሲሉ፣ የጎረቤት ልጅ በሶማሊኛ «ፈሪሶ» ሲል ይውላል። ውሻ ሦስቱንም ሊማር ይችላል፤ በጅማሬ ላይ ግን አንዱን መርጣችሁ ያዙ።

ይዘላል፣ ይንጠለጠላል፣ ፊት ይልሳል

ይህኛው ውሻ ሌላ ነው። ሰውነቱ ይለሰልሳል፣ ጅራቱን ከነወገቡ ይቆላል። ጥላቻ የለበትም። ቡችላ ትልልቆቹን ውሾች አፋቸውን እየላሰ ሰላም ይላል። የሰው ፊት ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ይዘላል። ትንሽ እያለ «ወይኔ ሲያምር!» ብለን ያቀፍነው እኛው ነን፤ አሁን ሃያ ኪሎ ሲሆን አስቀየመን።

ለምን አይተውም? ትኩረት ስለሚያገኝ ነው። በእጅ መግፋት ለእሱ ጨዋታ ነው። «ኧረ ውረድ!» ማለትም ማናገር ነው። አንዱ አጎት ደግሞ «ተዉት አቦ፣ እኔ እወደዋለሁ» ይላል። አንዳንዴ የሚሳካለት ነገር ሁልጊዜ ከሚሳካለት ይልቅ ለመተው ይከብደዋል። ዘጠኝ ሰው ከልክሎ አንዱ ካቀፈው፣ አሥረኛውን ፍለጋ ሁሉም ላይ ይዘላል።

እዚህ ላይ ልባችንን ከፍተን ልንነጋገር ይገባል። ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሻፊዒን መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱን) ይከተላሉ። በዚህ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው። የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር ሆኖ፣ መታጠብ አለበት። ዓርብ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ወደ መስጂድ የሚሄድ ሰው ላይ ውሻችሁ ከዘለለበት ልብሱን ብቻ አይደለም ያበላሻችሁበት፤ ሶላቱንም አጓጉላችሁበታል። «አይዞህ፣ ደስ ብሎት ነው» የሚለው ለዚህ ሰው መልስ አይሆንም። ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ደግሞ በአንድ ዝላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ሕጉም ቀላል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ በድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ።

መፍትሄው አንድ ሕግ ነው፦ አራቱ እግሮቹ መሬት ላይ ካልሆኑ ማንም አያየውም፣ አያናግረውም፣ አይነካውም። ሲዘል ጀርባችሁን ስጡት፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ልክ መሬት ሲነካ ጎንበስ ብላችሁ ከደረቱ በኩል ዳብሱት፣ ወይም ሥጋውን እግሩ ሥር ጣሉለት። ሥጋው ሁልጊዜ መሬት ላይ ሲሆን ዓይኑም ወደ መሬት ይወርዳል። ከዚያ «ተቀመጥ»ን ጨምሩበት። ተቀምጦ መዝለል አይችልም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስበታል። ከፍ አድርጎ ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ልብስ ይጎትታል። ድሮ ይሠራለት የነበረው ነገር ዛሬ ለምን እንደከሸፈ እየፈተነ ነው። ብዙ ቤት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ከተሸነፋችሁለት የበለጠ መዝለል እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት ማለት ነው።

ልምምዱን በቤተሰብ ጀምሩ። እንግዳ ላይ አትለማመዱ፤ እንግዳው ቡና ሊጠጣ ነው የመጣው። ውሻ ወዳጅ የሆነ ጓደኛ ካለ በፈቃዱ ያግዛችሁ። ከውሻ የሚርቅ ጎረቤትን ግን «አንዴ ዝም ብለህ ቁምልን» ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። እስኪለምድ ድረስ እንግዳ ሲገባ ውሻው በገመድ ይያዝ፣ ገመዱ ላይ ያለው ሰውም ልጅ አይሁን።

ደረቱን በጉልበት መምታት ወይም የኋላ እግሩን መርገጥ የሚመክሩ አሉ። አልስማማም። ያቆስለዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ሕመም እንደሚመጣም ያስተምረዋል። ደስ ብሎት ይዘል የነበረው ውሻ እንግዳ መጥላት ይጀምራል።

እየጮኸ ወደ ኋላ ይላል

ጅራቱን እግሮቹ መሃል ይሸጉጣል። ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ የዓይኑ ነጩ ይታያል። ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ ሦስት ወደ ኋላ። ይህ ውሻ ፈሪ ነው። ከሦስቱም ይበልጥ ሊነክስ የሚችለው ይሄ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፣ በተለይ መውጫ ካጣ።

ቡችላ ዓለምን የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንቱ ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ታስሮ ያደገ ውሻ ጆንያ የተሸከመ፣ ጃንጥላ የያዘ ወይም በትር የሚመረኮዝ ሰው ሲያይ ይደነግጣል። በልጆች ድንጋይ የተወገረውም እንዲሁ።

ለእሱ የሚያስፈልገው ርቀት ነው። እንግዳው አይቅረበው፣ እጁን አይዘርጋ፣ ዓይን ለዓይን አይየው። ውሻው በሚረጋጋበት ርቀት ላይ ሆኖ ሰው ባየ ቁጥር ሥጋ ያግኝ፤ ርቀቱ በሳምንታት እንጂ በአንድ ቀን አይጠብም። «ይልመድ» ብሎ ጎትቶ ማቅረብ ያባብሰዋል።

ሲያጉረመርምም አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል እንጂ ፍርሃቱን አይተውም። ከዚያ «ዝም ብሎ ነከሰኝ» የሚባለው ይመጣል።

ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ልቅ

በብዙ ግቢ የተለመደው ይህ ነው። በሩ አጠገብ፣ በሁለት ሜትር ሰንሰለት፣ ፀሐይ ላይ። ሰው ሲገባ ያያል፣ መድረስ አይችልም፣ መሸሽም አይችልም። ብስጭቱ ቀን በቀን ይከማቻል። የተፈታ ቀን የሚሆነውን መገመት አያቅትም።

ማሰሪያውን ከበሩ አርቁት። ጥላና ውሃ ይኑረው። ከተቻለ ከግድግዳ ግድግዳ ሽቦ ዘርግታችሁ ሰንሰለቱ በሽቦው ላይ እንዲንሸራተት አድርጉ። ጠዋት ጠዋት በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ግማሽ ሰዓት ቢሄድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው እንግዳ ያን ያህል አያስጨንቀውም።

ሐረር ላላችሁ አንድ ቃል፦ ሌሊት ጅብ ሸቶት የሚጮህ ውሻ የዚህ ጽሑፍ ችግር የለበትም። ግቢ ውስጥ አስገብታችሁ በሩን ዝጉለት እንጂ አትቆጡት። ጅብ ውሻ ይበላል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም

ረጋ ያለ ውሻ በድንገት ከተለወጠ ሥልጠናውን ተዉትና ጤናውን አስቡ። የጆሮ ሕመም፣ ቁስል፣ እርጅና፣ የዓይን መድከም ሁሉ ያስቆጣዋል። ከሁሉ በፊት ግን የእብድ ውሻ በሽታን አስቡ፦ ድምፁ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ፣ ወይም ያለ ወትሮው ፈዝዞ ከተደበቀ። አትንኩት። ለይታችሁ ዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ሰው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ለ10 ቀን ተለይቶ ይታያል፤ ሕክምናው ግን እሱን አይጠብቅም። የበሽታው ምልክት ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻችሁ በየዓመቱ ይከተብ፣ ወረቀቱንም አስቀምጡ። የተነከሰው ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ነገ እንግዳ አለብኝ

ለሥልጠና ጊዜ ከሌለ መለየት ይበቃል። ኢድ፣ ፋሲካ ወይም ሠርግ ሲሆን ውሻው ከጓሮ ክፍል ከውሃ ጋር ይግባ። የተቀቀለ አጥንት አትስጡት፤ ተሰንጥቆ ይወጋዋል። የሚገባው ደግሞ እንግዳ ከመምጣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው። በሩ ከተንኳኳ በኋላ የሚጎተት ውሻ እንግዳን ከመታሰር ጋር ያያይዘዋል።

ለምታውቋቸው «በር ላይ ስትደርሱ ደውሉ እንጂ አታንኳኩ» በሏቸው። ሰዉ ገብቶ ከተቀመጠ፣ ውሻውም ዝም ካለ፣ እንግዶቹም ከፈቀዱ በገመድ አውጥታችሁ ወደ ምንጣፉ ውሰዱት። መጮህ ከጀመረ ሳትቆጡ መልሱት፤ ሲረጋጋ ደግማችሁ ሞክሩ።