ጠርሙሱ ይንተከተካል፣ ሕፃኑስ? ሲፓፕ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሌሊት ነው። ያለጊዜው የተወለደው ሕፃን ሲፓፕ ላይ ነው፤ በአፍንጫው ግፊት ያለው አየር ሳያቋርጥ የሚልክ መሣሪያ ነው፣ የአየሩ መውጫ ቱቦ ጫፍም ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ጠርሙሱ እንደ ሽሮ ይንተከተካል፣ በደሙ ያለውን ኦክስጅን የሚያሳየው ሞኒተር ግን 84 በመቶ ላይ ቆሟል። ኦክስጅኑን አየሁ፣ ቱቦውን እስከ ጫፉ በእጄ ዳሰስኩ፣ ሁሉም ደህና ነው። ወደ ፊቱ ዝቅ ብዬ በባትሪ ሳይ ፕሮንጉ፣ ማለትም ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚገባው ባለሁለት ጫፍ አጭር ቱቦ፣ ከአፍንጫው ወጥቶ ጉንጩ ላይ ተለጥፏል። አየሩ ጉንጩ ስለከለከለው ወደ ጠርሙሱ ሄዶ እዚያ ይፈላል። ለሕፃኑ የደረሰው ነገር የለም።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ አረፋን አምኖ መቀመጥ። አረፋው ከጠፋ የሆነ ቦታ አየር እየወጣ ነው፣ ይህ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአፍንጫው ዳር ወይም ከተከፈተ አፍ ነው የሚወጣው። አረፋ ስላለ ግን ግፊቱ ሳንባ ደርሷል ማለት አይደለም። ፕሮንጉ በንፍጥ ቢደፈንም ጠርሙሱ መንተክተኩን አይተውም። ስለዚህ መጀመሪያ አፍንጫውን፣ ቀጥሎ ደረቱን፣ ጠርሙሱን መጨረሻ ላይ እንይ። እዚያው ሳላችሁ የውሃውን ልክም እዩ። ግፊቱን የሚወስነው ቱቦው ከውሃው ወለል በታች የጠለቀበት ሴንቲሜትር ነው። ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ጤዛ ወደ ጠርሙሱ ሲወርድ፣ ማታ 6 ሴንቲሜትር ያደረግነው ጠዋት 7 ሴንቲሜትር ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው «ሲደክም እንጀምርለታለን» ማለት ነው። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳንባ ሰርፋክታንት፣ ማለትም የአየር ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ፈሳሽ፣ ያንሰዋል። እርጥብ ፌስታል ተጣብቆ አልከፈት እንደሚል፣ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶችም ሕፃኑ ባስወጣ ቁጥር ይጣበቃሉ። የሲፓፕ ሥራ እንዳይጣበቁ መያዝ ነው፤ ከተጣበቁ በኋላ ማላቀቁ ሌላ ትግል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 በመቶውን የገደለው ይኸው የመተንፈስ ችግር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከ32 ሳምንት በታች ለተወለዱት ምልክት ባያሳዩም እንደተወለዱ ሊጀመርላቸው እንደሚችል አስቀምጧል። የሚያቃስትና ደረቱ የሚሰረጉድ ሕፃን ደግሞ ተረኛ እስኪቀየር አይጠብቅም።

ፕሮንግ ስንመርጥ እጃችን ወደ ትንሹ ይሄዳል። «ያሳዝናል፣ ትልቁ ያመዋል» እንላለን። ትንሹ ግን አየር ያስወጣል፣ ይንሸራተታል፣ እኛም እንዳያስወጣ ብለን ወደ ውስጥ እንገፋዋለን። አፍንጫውን የሚያቆስለው ይህ መግፋት ነው። ቀዳዳውን የሚሞላ፣ ዙሪያውን ግን የማያነጣው መጠን ነው የሚፈለገው። በፕሮንጉና በመሃለኛው የአፍንጫ ግድግዳ መካከል ትንሽ ክፍተት መታየት አለበት። ያ ግድግዳ ከቀላ ነገ ይቆስላል፣ ዛሬውኑ አስተካክሉት። ኮፍያውም ልኩ ይሁን፤ ሰፊ ኮፍያ ሁሉንም ይዞ ይንሸራተታል።

ኦክስጅን ላይ የለመድነው «ይብዛለት» ነው። ሳቹሬሽኑ፣ ማለትም ሞኒተሩ ላይ የሚታየው የደም ኦክስጅን መጠን፣ 100 በመቶ ሲል ደስ ይለናል። ኦክስጅን እያገኘ ላለ ያልደረሰ ሕፃን ግን የሚፈለገው ከ90 እስከ 95 ነው። ከዚያ ሲበዛ ገና እያደጉ ያሉትን የዓይን ደም ስሮች ይጎዳል፣ መዘዙም እስከ ዓይነ ስውርነት ሊደርስ ይችላል። አየርና ኦክስጅን የሚቀላቅል መሣሪያ ካለ እንደታየው ቀንሱ፤ ጌጥ ሆኖ አይቀመጥ። ሕፃኑ በተራ አየር ብቻ ሆኖ 98 ካለ ግን አትጨነቁ፣ ራሱ ነው ያመጣው።

ሆዱ ሲነፋ ወዲያው ሲፓፑን የሚነቅል አለ። አየሩ ወደ ሆድ መግባቱ የሚጠበቅ ነው። በአፉ የገባው የጨጓራ ቱቦ ጫፉ ተከፍቶ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ አየሩ ይወጣል። ሆዱ ከጠነከረ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም አረንጓዴ ከወጣው ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሐኪም ይጠራ።

ሌላው፣ ሲፓፕ ለሕፃኑ አይተነፍስለትም። መተንፈስ የሚረሳ ሕፃን ካፌይን ያስፈልገዋል፣ የሚቀሰቅሰውም ሰው።

የመጨረሻው እናቲቱን ማራቅ ነው። «ሲፓፕ ላይ ነው፣ ካንጋሮ አይቻልም» የሚል መልስ፣ ሕፃናቸውን ደረታቸው ላይ ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ የፈለጉ ብዙ እናቶችን መልሷል። ሕፃኑ ከተረጋጋ ይቻላል። ቱቦው ከልብሷ ጋር ይያያዛል፣ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ይተኛል፣ ሙቀትም አያጣም። አንዷን ሳስቀምጣት ፈርታለች።

«ሲስተር፣ ቱቦው ቢወልቅስ?»

«ቢወልቅ ከኔ ቀድመሽ የምታዪው አንቺ ነሽ። ሁለቱም አፍንጫው ውስጥ መሆናቸውን ብቻ እያየሽ ቆዪ።»

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሌላ አልጋ ጋ መርፌ እያዘጋጀሁ ሳለ ድምፅዋን ሰማሁ። «ሲስተር፣ አንዱ ወጥቷል!» ዞር ብዬ ጠርሙሱን አየሁት። እንደ ሽሮ ይንተከተካል።