ቲቢን ከመርፌው በፊት ይናገሩ

በአሜሪካ በምሠራበት ክሊኒክ፣ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ ለተባለው የአከርካሪ ብግነት ባዮሎጂካል (ከሕያው ሴሎች የሚሠራ) መድኃኒት የሚጀምሩ ሰዎችን መርፌ አወጋግ አስተምራለሁ። ከአገሬ ልጆች ዘንድ ደጋግሜ የማየው አንድ ስህተት እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ቲቢን መደበቅ።

ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል አዳሊሙማብም ኢንፍሊክሲማብም ቲኤንኤፍ የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን ያግዳሉ። ጠዋት ወገብን ቀፍድዶ የሚይዘው ሕመም የሚላላው በዚህ ነው። ነገር ግን ከዓመታት በፊት ገብቶ የተኛውን የቲቢ ባክቴሪያ ከብቦ የያዘው አጥርም የሚቆመው በዚሁ ፕሮቲን ነው። አጥሩ ሲፈርስ በሽታው ይነሳል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኢንፍሊክሲማብ ወስደው ቲቢ የያዛቸውን 70 ሰዎች መዝግቧል፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት በሽታው የታየው ከሳንባ ውጭ ነበር። «ራጄ ንጹህ ነው» ማለት ስለዚህ አይበቃም፤ የተኛ ቲቢ በራጅ ላይታይ ይችላል።

አንድ ወጣት ከእናቱ ጋር መጣ። «በቤታችሁ ቲቢ የታመመ ነበር?» አልኩ። «ኧረ በፍጹም!» አሉ እናት። «ለወራት ያሳለ፣ በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄደ ኪኒን የዋጠስ?» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ቆይተው «አያቱ... እሳቸውን እንኳ ብርድ ነው የመታቸው» አሉ። ልጁ ያደገው ከአያቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተኛ ነው። የደም ምርመራው የተኛ ቲቢ አሳየ። መከላከያ ኪኒን ጀመረ፤ መርፌውን የወሰደው ከአንድ ወር በኋላ ነው።

እኔም ለዓመታት የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ጠይቄ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ሳደርግ ኖሬያለሁ። ስንቱን እንዳለፍኩ ሳስብ ያመኛል።

ሄፓታይተስ ቢንም አስቀድመው ይመርመሩ።

ወደ አገር ቤት የሚጓዙ ከሆነ ስለ ቢጫ ወባ ክትባት መድኃኒቱን ሳይጀምሩ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሆነ ከጀመሩ በኋላ አይሰጥም። መርፌውንም ለጭነት በሚያስረክቡት ሻንጣ አይክተቱት፤ በእጅዎ ይያዙት። የቀዘቀዘ ይሁን እንጂ በረዶ አይንካው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው ልኩ። አንዴ በረዶ ከሆነ፣ ቢቀልጥም ይጣላል።

ትኩሳት ካለዎት አይውጉ፤ ይደውሉልን።

«ተሽሎኛል» ብለው በራስዎ አያቋርጡ። የተሻለዎት መድኃኒቱ ስላለ ነው፤ ሲያቆሙት አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ይመለሳል። በሁለት ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብለውም ተስፋ አይቁረጡ፤ እኛ የምንመዝነው ከ12 ሳምንት በኋላ ነው።

ዓይንዎ ቀልቶ ከታመመና ብርሃን ካስጨነቀው በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋር ይሂዱ፤ ጠብታ ከጎረቤት አይዋሱ።