ጀበናው ከግድግዳው አልለይ ሲል

በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር ሸራ ላይ በአክሪሊክ ቀለም የቡና ሥርዓት እየሣልሁ ነበር። ከቅርብ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ግን ጀበናው ግድግዳው ውስጥ ይጠፋል፤ ረከቦቱ ላይ የተዘረጋው ቀይ ጨርቅና ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማም አንድ ላይ ይደፈርሳሉ።

መጀመሪያ ቀለሙ የደበዘዘ መስሎኝ ቀዩን ይበልጥ ቀይ፣ አረንጓዴውን ይበልጥ አረንጓዴ አደረግሁ። ባሰበት። ቀጥሎ በጀበናው ዙሪያ ጥቁር መስመር አሰመርሁ፤ ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት መሰለ። አራት ቀን በዚህ አለፈ።

መላው የተገኘው ሥዕሉን በስልክ አንስቼ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ስለውጠው ነው። ቀዩም አረንጓዴውም ያው አንድ ግራጫ ሆነው ቁጭ አሉ! የጎደለው ቀለም ሳይሆን የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ነበር። ሁለት ቀለሞች በዓይነት የቱንም ያህል ቢራራቁ፣ ብርሃናቸው እኩል ከሆነ ዓይን ቅርጻቸውን ለመለየት ይቸገራል።

ከዚያ መዳፍ የምታክል ንድፍ በእርሳስ ሠራሁ፤ ሦስት ደረጃ ብቻ፦ ብሩህ፣ መካከለኛ፣ ጨለማ። በእርሷ መሠረት ከጀበናው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በነጭና በቢጫ ኦከር አፈካሁት። የጀበናውን ጥላ ወገን በርንት አምበር በሚባለው ጥቁር ቡናማ ቀለምና በአልትራማሪን ሰማያዊ ቅልቅል አጠቆርሁት፤ ከቱቦ ከሚወጣው ጥቁር ይልቅ ይህ ቅልቅል ሕይወት አለው። ቄጠማውን አንድ ደረጃ አጨለምሁት። ቀዩን አልነካሁትም። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር ፎቶውን ደግሜ ያነሣሁት ከደረቀ በኋላ ነው። አሁን ጀበናው በሩ ላይ ቆሜም ይታየኛል።