ፈረስን በሽልማት ስታስተምሩ፣ ፊቱን ከማዞር ጀምሩ

ፈረስ ኪስ መፈተሽና እጅ መንከስ የሚለምደው ሲያሸታችሁ ስለምታጎርሱት ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ጨዋታ በፊት ፊቱን ከእናንተ ማዞር አስተምሩት። ካሮት በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ያዙ፤ ክብ ቁራጭ ጉሮሮው ላይ ሊቀረቀር ይችላል። ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ እጃችሁን አጣጥፉ። ቢያሸታችሁም አትግፉት፣ ዝም በሉ። ጭንቅላቱን ትንሽ እንኳ ዞር ሲያደርግ ወዲያው «ጎሽ!» በሉት፤ ከዚያ በተዘረጋ መዳፍ፣ ከሰውነታችሁ ራቅ አድርጋችሁ አጉርሱት። ቃሉ ሁለት ሰከንድ እንኳ ቢዘገይ የምታስተምሩት ሌላ ነገር ይሆናል። በምላስ ድምፅ መሄድ ለለመደ የጋሪ ፈረስ ደግሞ በ«ጎሽ!» ፈንታ ያንኑ ድምፅ የሽልማት ምልክት አታድርጉበት፤ ግራ ይገባዋል።

በአንድ ጊዜ 5 ደቂቃ፣ 10 ያህል ሙከራ ይበቃል።

ይህን ሲለምድ ጫፉ ላይ ኳስ ያለበት ዱላ ከአፍንጫው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙ። ራሱ ጠጋ ብሎ ሲነካው «ጎሽ!»። ዱላውን ወደ አፍንጫው አትግፉ፤ ይሸሻል። ደጋግሞ ከነካ በኋላ ዱላውን እያንቀሳቀሳችሁ አንድ እርምጃ፣ ቀጥሎም ሁለት አስከትሉት፤ መዞርም መሽከርከርም ከዚሁ ይወጣል። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ ወይም ከተስገበገበ ካሮቱን ትታችሁ በድርቆሽ ቀጥሉ፣ ሽልማቱንም መሬት ላይ ባለ ሳህን ስጡት።