ታይሮይድ ሲዳከምና ኪሎ ሲጨምር እንዴት እንያዘው፣ ከኪኒኑ ሰዓት ጀምሮ

ሰው ሁሉ "ተመችቶሻል" ሲለኝ እኔ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ነበር። በሚያዝያ ሙቀት ቤት ውስጥ ጋቢ እደርባለሁ፣ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ሆዴ ይደርቃል፣ የምበላው ከድሮው አንሶ እያለ በአንድ አመት 9 ኪሎ ጨመርኩ። ጭንቀት ነው ተባልኩ፣ ደም ማነስ ነው ተባልኩ፣ በመጨረሻ ነገሩን የፈታው አንድ የደም ምርመራ ነው። ኪኒን ከጀመርኩ ይሄው 7 አመቴ፣ ገና ለጀመራችሁ ወይ ደሞ "እኔም ይሄ ይሆን እንዴ" ለምትሉ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ታይሮይድ ከጉሮሮ ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ያለ ቢራቢሮ የሚመስል እጢ ነው፣ የሚያመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን ጉልበት የሚያቃጥልበትን ፍጥነት ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉም ይንቀረፈፋል፣ ልብም አንጀትም ሀሳብም። እኛ ጋ በደንብ የሚታወቀው እንቅርት ስለሆነ ብዙ ሰው "አንገቴ አላበጠም እኮ" ይላል፣ ግን አንገት ሳያብጥም ይዳከማል፣ አንገቱ ያበጠ ሁሉ ደሞ ታይሮይዱ ተዳክሟል ማለት አይደለም።

1. መጀመሪያ ተመርመሩ፣ በግምት አትጀምሩ

የሚታዘዘው ምርመራ ቲኤስኤች ይባላል፣ አብሮት ብዙ ጊዜ ፍሪ ቲ ፎር የሚባለው፣ ማለትም ታይሮይዱ የሚያመነጨው ሆርሞን ራሱ፣ ይታያል። ቲኤስኤች ከአንጎል ስር ያለችው እጢ ታይሮይድን "ስራ" እያለች የምትልከው ትእዛዝ ነው፣ ስለዚህ ታይሮይድ ሲሰንፍ ትእዛዙ ይበዛል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል ማለት ነው። ብዙዎች እዚ ጋ ይደናገራሉ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሆርሞናቸው የበዛ ይመስላቸዋል፣ ተቃራኒው ነው። ለአዋቂ አብዛኛው ላብራቶሪ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ያለውን ኖርማል ይለዋል፣ የራሳችሁን ወረቀት ላይ ያለውን ግን እዩ። ለፀጉርና ለጥፍር ብላችሁ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን የምትወስዱ ከሆነ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት አቁሙት፣ ለሐኪሙም ንገሩት።

ምክንያቱንም ጠይቁ። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት ቦታ ዋናው ምክንያት ሀሺሞቶ ነው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት ማለት ነው፣ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ በሽታው ከጻፈው ጃፓናዊ ሐኪም የመጣ ነው። እንቅርት በኦፕራሲዮን ያስወጡ ሰዎችም ከታይሮይዳቸው የቀረው ትንሽ ከሆነ ወይ ጭራሽ ከሌለ ኪኒኑ የዕድሜ ልክ ነው፣ ቁስሉ ድኗል ብላችሁ እንዳትተዉት እለምናችኋለሁ።

2. ኪኒኑና ቡናው እንዳይገናኙ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። መድሃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ነው፣ የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ፣ የሚለካው በማይክሮግራም ነው፣ እና ሆድ ውስጥ ሌላ ነገር ካገኘ በደንብ አይገባም። እኔ የመጀመሪያውን አመት ሙሉ ጠዋት በቡና ነበር የምውጠው፣ ቲኤስኤቼ አልወርድ አለ፣ ዶዙ ተጨመረ፣ አሁንም አልወርድ አለ፣ ከዛ አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ "በምንድነው የምትወስጂው?" ብላ ጠየቀችኝ። በቃ ጥያቄዋ ይሄ ብቻ ነበር፣ ሰዓቱን ሳስተካክል ቁጥሩም መስተካከል ጀመረ።

እንዲ አድርጉት፦ ጠዋት እንደተነሳችሁ በባዶ ሆድ፣ በንጹህ ውሃ ብቻ፣ ከዛ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቆዩ፣ ቡናውም ሻዩም ቁርሱም ከዛ በኋላ። ለቡና የሚፈላው ውሃ እስኪፈላ ቁርሱም እስኪቀርብ ሰዓቱ ያልፋል፣ እኔ ኪኒኑን ከትራሴ ጎን ከውሃ ብርጭቆ ጋር ነው የማስቀምጠው። ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን ኪኒን፣ ካልሲየም፣ ለጨጓራ የሚታኘከው ወይ የሚጠጣው መድሃኒት ከሌቮታይሮክሲን ቢያንስ 4 ሰዓት መራቅ አለበት። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ደሞ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ዶዙ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። በጾም ወተት ብለን የምንጠጣው የአኩሪ አተር ወተትም መድሃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል፣ ከኪኒኑ አርቁት።

ጾምስ? እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ሰው ወይ ረመዳን የሚጾም ሰው ማታ ማድረግ ይችላል፣ ከመጨረሻው ምግብ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይቶ ሊተኛ ሲል በውሃ መዋጥ ነው። ጠዋትም ይሁን ማታ አንዱን መርጣችሁ በሱ ጽኑ። ጸበል የምትገቡ ከሆነም ኪኒኑን አታቋርጡ፣ ጸበሉ ኪኒኑን አይከለክልም፣ ማቋረጡ ግን ሰውን እስከ ራስን መሳት ሊያደርስ ይችላል።

3. ታገሱ

ሌቮታይሮክሲን በደም ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው፣ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት እንኳን 1 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ ለዛ ነው ዶዝ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጠብቆ ቲኤስኤች የሚደገመው። በ10 ቀን ምንም ለውጥ የለም ብላችሁ በራሳችሁ 2 ኪኒን አትዋጡ። ዕድሜያቸው የገፋና የልብ ሕመም ያለባቸው በጣም ትንሽ ዶዝ ነው የሚጀምሩት፣ ስለዚህ የእናታችሁን ዶዝ ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩ። ዶዙ ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ያን ጊዜ ሐኪማችሁን አግኙ።

4. አሁን ኪሎው

ታይሮይድ በራሱ የሚያመጣው ጭማሪ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፣ ያም አብዛኛው ስብ ሳይሆን ጨውና ውሃ ነው፣ ፊት የሚያብጠው ለዛ ነው። የኔ 9 ኪሎ ውስጥ ኪኒኑ ሲስተካከል ያለ ብዙ ልፋት የሄደው 4 አካባቢ ነው። የቀረው 5 ከድካሙ የመጣ ነበር፣ ደክሞኝ ተኝቼ፣ ሳልራመድ፣ ለመንቃት ስል ስኳር የበዛበት ሻይ እየደጋገምኩ። ይሄን መስማት ከባድ ነው አውቃለሁ፣ እኔም አልቅሻለሁ፣ ግን ተስፋም አለው፦ ቲኤስኤች ከተስተካከለ በኋላ ሰውነታችሁ እንደማንኛውም ሰው ያቃጥላል፣ ልፋታችሁ ውጤት ያመጣል።

ለኔ የሰራው ዘይቱን በማንኪያ መለካት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፣ የጾም ወጥ ስንሰራ ከጀሪካኑ እያንቆረቆርን ስንት ማንኪያ እንደገባ አናውቀውም። እንጀራዋን ከ2 ወደ 1 አወረድኩና ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሰላጣውን አበዛሁ፣ በፍስክ እንቁላልና ዓሳ ጨመርኩ። ለስላሳ ተውኩ፣ አንዷ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ። እና መራመድ፣ በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ብቻ ብትችሉም ጀምሩት ምክንያቱም ድካሙ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ቀን ጠዋት ውጡ፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሳችሁ ጥሩ ነው።

ኪሎ ለመቀነስ ብሎ የታይሮይድ ኪኒን መጨመር ግን በጣም አደገኛ ነው፣ የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል። ማንም ሰው "የቀጭን ኪኒን" ብሎ ቢሰጣችሁ ውስጡ ያለውን ሳታውቁ አትንኩት።

ስለ ጎመን ብዙ ይወራል፣ በስሎ የሚበላ ጎመን በተለመደው መጠን ችግር የለውም፣ አትፍሩት። ጨው አዮዲን ያለውን ግዙ፣ አሞሌ አዮዲን የለውም፣ ክዳን ባለው እቃ አስቀምጡና ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት ምክንያቱም አዮዲኑ በሙቀት ይቀንሳል። ሀሺሞቶ ያለበት ሰው ግን የአዮዲን ኪኒን ተጨማሪ ቢወስድ አይድንም፣ ሊብስበትም ይችላል።

5. እርግዝና ካለ

ይሄን መጨረሻ ያደረግኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የታይሮይድ ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ነው፣ አንጎሉ የሚያድገው በሱ ነው፣ የእናት ፍላጎትም ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ለማርገዝ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ቲኤስኤች አስለኩ። የወር አበባ ከቀረና ምርመራው አርግዘሻል ካለ ደሞ ኪኒኑን ሳታቋርጡ በዛው ቀን ለሐኪማችሁ ደውሉ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቁ።