ፍራንክፈርት ለሚገባ አዲስ ተማሪ፦ ከፖስታ ሳጥኑ ላይ ከሚለጠፈው ስም ጀምሩ

ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ፍራንክፈርት የደረሰ ተማሪ ኤስ 8 ወይም ኤስ 9 በተባለው ባቡር ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ዋናው ባቡር ጣቢያ ይገባል። መንገዱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከዚያ ወዲያ ያለው የወረቀት ጣጣ ነው። በጀርመን አገር አንዱ ማስረጃ ሌላውን ስለሚጠይቅ፣ ጉዳዩን ከየት እንደሚጀምር ያላወቀ ሰው ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲመላለስ የመጀመሪያው ወር ያልቅበታል።

መነሻው አድራሻ ነው። ሕጉ ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ «ቢርገርአምት» ወደሚባለው የነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ ያዛል፤ ምዝገባውም «አንሜልዱንግ» ይባላል። የሚያስፈልገው ፓስፖርት፣ የተሞላ ቅጽ እና ቤቱን ማከራየቱን አከራዩ ፈርሞ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ቀጠሮ በኢንተርኔት ስለሚያዝና ቶሎ ስለማይገኝ፣ የምትገቡበትን ቀን ካወቃችሁበት ዕለት ጀምሮ መፈለግ ይሻላል። «ክፍሉን አከራያለሁ፣ በዚህ አድራሻ መመዝገብ ግን አይቻልም» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ፣ ኪራዩ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን እለፉት፤ በኋላ የሚያስከትለው መጓተት ከተረፈው ገንዘብ ይበልጣል።

ቀጥሎ የስም ጉዳይ ይመጣል፣ የእኛ ሰው በብዛት የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። እኛ በራሳችን ስም እንጠራለን፣ የአባታችንን እናስከትላለን፤ የጀርመን ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ካልተሞላለት አይቀበልም። ፓስፖርታችን ላይ በዚያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፍረው የአያት ስም በመሆኑ፣ አያቱ ገብሬ የሆኑ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲውም ለባንኩም «ሄር ገብሬ» (አቶ ገብሬ) ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ያስቃል፣ በኋላ ይለመዳል። ዋናው ነገር በየቅጹ ላይ ስማችሁን በፓስፖርቱ ቅደም ተከተልና በፓስፖርቱ ፊደላት ብቻ መጻፍ ነው፤ በአንዱ ቅጽ በአባት ስም፣ በሌላው በአያት ስም የተመዘገበ ሰው በኮምፒዩተር ዘንድ ሁለት ሰው ነውና።

ይህ ስም ሕንፃው በር ላይ ባለው የፖስታ ሳጥን ላይም መለጠፍ አለበት። አገር ቤት ደብዳቤ የሚላከው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፤ እዚህ ፖስተኛው ሕንፃው ድረስ ይመጣና የክፍል ቁጥር ሳይሆን በሳጥኖቹ ላይ የተጻፉትን የቤተሰብ ስሞች ያያል። ስሙን ካጣው ደብዳቤውን ለላኪው ይመልሳል። እኔ በገባሁ ማግስት የራሴንና የአባቴን ስም በእስክሪብቶ ጽፌ በፕላስተር ለጠፍኩና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፤ የባንክ ካርዱ ግን በአያቴ ስም ተልኮ ኖሮ ተመልሶ ሄደ፣ እኔም ሦስት ሳምንት በብድር ከረምኩ። የባንክ ካርድና የምስጢር ቁጥሩ (ሁለቱ በተለያየ ፖስታ ነው የሚላኩት)፣ የጤና መድን ካርድ፣ እንዲሁም ቀጣሪ ሁሉ የሚጠይቀው ባለ 11 አሃዝ የግብር ቁጥር የሚመጡት በዚያች ሳጥን ነው። ስለዚህ ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን፣ ሻንጣ ሳትፈቱ፣ የአያታችሁን ስም ለጥፉ።

ስለ ገንዘብ አጠር አድርጌ ልናገር። ለቪዛ ተብሎ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ፣ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ተመን ለዓመት 11,904 ዩሮ፣ ለወር 992 ዩሮ ነው፤ የሚለቀቀውም እዚህ የባንክ ሒሳብ ከተከፈተ በኋላ በየወሩ ስለሆነ ለመጀመሪያው ወር የሚበቃ ገንዘብ ለብቻ መያዝ ግድ ነው። በተለይ የቤት ማስያዣ አለ፦ አከራይ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ድረስ መጠየቅ ይችላል፣ ተከራይም በሦስት ወር ከፋፍሎ የመክፈል ሕጋዊ መብት አለው። ይህን መብት አከራዩ አያስታውሳችሁም። በማስታወቂያ ላይ «ካልት» የተባለው ኪራይ ማሞቂያና ውኃን እንደማይጨምር፣ «ቫርም» የተባለው እንደሚጨምር ለዩ። ክፍሉን እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው በዓይን ሳያይ ደግሞ አንድም ሳንቲም አትላኩ። የተማሪዎች ማደሪያ ከሁሉም ይረክሳል፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ የመግቢያ ደብዳቤ በደረሳችሁ ዕለት አመልክቱ።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ቅቤና ቋንጣ ይቅርባችሁ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ የሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ እንዳይገባ ስለሚከለክል ጉምሩክ ላይ ይወሰድባችኋል። እንጀራውን ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ታገኛላችሁ፤ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነውና ቅዳሜ ግዙ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ይበዛል። ከተመዘገባችሁ በኋላ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ ጥያቄ ይመጣል፤ ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንም፣ ነገር ግን ክፍያው በሰው ሳይሆን በቤት ስለሆነ በጋራ የምትኖሩ ከሆነ አንድ ሰው ከፍሎ ትካፈላላችሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ቪዛው ሳያልቅ መግባት አለበት፤ ያስገባችሁበትን ማስረጃም አስቀምጡ። ከፍርድ ቤት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚላከው ቢጫ ፖስታ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ክፈቱ፦ ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጽፋል፣ የመልስ መስጫው ጊዜም የሚቆጠረው እናንተ ካነበባችሁበት ሳይሆን ከዚያ ቀን ነው፤ ስለዚህ ፖስታውን ከደብዳቤው ጋር አያይዛችሁ አኑሩ፣ ለእረፍት ከከተማ ስትወጡም የሳጥኑን ቁልፍ ለጓደኛ ስጡ።